ታደለች የሄደችልኝ እርምጃ

ከጂንካ የወጣሁት ገና ሳይነጋ በመጀመሪያው አውቶብስ ነው። እናቴ ከብት የሚግጥበትን የአውሮፕላን ሜዳ አቋርጣ እስከ መናኸሪያው እጄን ይዛ ሸኘችኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ሰው እንዳያየኝ አፍሬ እጇን ቀስ ብዬ አስለቀቅኳት።

የሱዳኑን መንገድና የባሕሩን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። አሁን ኖርዌይ ነኝ። እዚህ ዝናቡ እንደ እኛ አገር ወርዶ አይሄድም፤ መጥቶ ይቀመጣል። ድንቹ ጥሩ ነው፣ ቆጮ ግን የለም። ጎረቤቴን ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላም ብዬዋለሁ፣ ስሙን እስካሁን አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ሐኪሞች ከአንጀቴ ላይ ካንሰር ቆርጠው አወጡ። ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ አንዲት ጥቁር ሰዓት እጄ ላይ አሰረችልኝ። እርምጃዬንና የልብ ምቴን ቆጥራ በስልኬ በኩል ለእነሱ ትልካለች። "በየቀኑ ትንሽ ጨምረሽ ሂጂ" አለችኝ። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት አማርኛውን ትታ በአሪኛ ተቆጣችኝ፦ "ሆዱ የተቀደደ ሰው ይሄዳል እንዴ? ተኚ።" እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ተኝቶ ነው የሚጠየቀው፤ እኔም ተኛሁ። ሰዓቷ በየመሃሉ እየነዘረች ተነሺ ትለኛለች፣ እኔ ብርድ ልብሱን እስባለሁ።

ነርሷ ደውላ እርምጃሽ አነሰ ባለችኝ ቀን ጓደኛዬ ታደለች ልትጠይቀኝ መጣች። የእኛው አገር የቀይ አፈር ከተማ ልጅ ናት፣ እዚህ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች።

"አምጪያት፣ እኔ ልሂድልሽ" አለችኝ።

"እንዴት አድርገሽ?"

"ሰው ሲታመም ጎረቤቱ እርሻውን ያርምለት የለም ወይ? ይሄ በምን ይለያል?"

እውነቷን ነው ብዬ ፈትቼ ሰጠኋት። ጠዋት ትወስዳለች፣ ማታ ትመልሳለች።

በአራተኛው ቀን ነርሷ በአስተርጓሚ ደወለች።

"ትናንት አሥራ ስምንት ሺህ እርምጃ ሄደሻል። የት ነበርሽ?"

"ሆቴል" አልኩ ደንግጬ።

"ሆቴል ምን ትሠሪያለሽ?"

"አልጋ አነጥፋለሁ።"

አስተርጓሚው ሳይተረጉም ሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠኝ እነሱ በርትታለች ብለው ትተውኝ ነበር። ፈራሁና እውነቱን ተናገርኩ። የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል አስገቡኝ፤ ቁስሉ ውስጡ መግል ይዞ ነበር። ነርሷ አልተቆጣችኝም።

"ጓደኛሽ ጤነኛ መሆኗን አይተናል" አለችኝ። "አንቺን ግን አላየንሽም።"

ታደለች ይህን ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ እሷን ማባበሉም የእኔ ሥራ ሆነ።

አሁን ሰዓቷን ከእጄ አላወልቅም። ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር እሄዳለሁ። በቀደም እየሄድኩ ሳለ እናቴ ደወለች።

"ተኝተሻል?"

"አዎ እማዬ።"

ትንፋሼን ሰምታለች።

"እየሄድሽ ነው።"

"ሐኪሞቹ ናቸው ያዘዙኝ እማዬ። ካልሄድኩ አልድንም።"

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ማን ይዞሽ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ።

ከፊቴም ከኋላዬም ሰው የለም። ታደለች በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት።

"ታደለች ይዛኛለች" አልኳት።

"በይ እጇን እንዳትለቂ" አለች እናቴ።