የጠራኋት ሚዳቋ አልሄድ አለችኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሚዳቋ ጠርቼ መሸኘት አቃተኝ!

ከዘመሮ ከተማ በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ የልጅ ልጄ ትዕግሥት «አባባ፣ ሚዳቋ እጠራለሁ የሚሉት ጉራ ነው አይደል?» ብላ ነካካችኝ።

እኔ ደግሞ ሲነኩኝ አልችልም። ጠመንጃ የለኝም፤ ፎቶ ታንሳ ብዬ ብቻ፣ እንደ ድሮ አዳኞች ቅጠል ከንፈሬ ላይ ለጥፌ እንደ ሚዳቋ ግልገል አለቀስኩ።

አንዲት እናት ሚዳቋ ከቁጥቋጦው እየሮጠች ወጣች። (ባለቤቴ ስጠራት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ፈጥና መጥታ አታውቅም።)

ትዕግሥት በሳቅ ፈረሰች። ሚዳቋዋ ግን መኖራችንንም ከምንም አልቆጠረችው፤ ያለቀሰውን ግልገል ፍለጋ ቁጥቋጦውን ሁሉ ታሸታለች።

«ሂጂ! ሂጂልኝ!» አልኳት። ድንጋይ ወረወርኩ። ትንሽ ሸሽታ ተመለሰች። የራሷን ልጅ የት ጥላው እንደመጣች እንጃ፤ ከማዶ ደግሞ ውሾች ይጮኻሉ።

«አባባ፣ ውሸቴን ነው ይበሏት እንጂ!» አለች ትዕግሥት። ሳቋ ጠፍቷል።

በየትኛው ቅጠል ልንገራት? አባቴ ያስተማረኝ መጥሪያውን ብቻ ነው።

እኛ ቤት ገባን፤ እሷ እዚያው ቀረች። እናንተስ፣ ጠርታችሁ መሸኘት ያቃታችሁ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ?