ያልወጡት የንብ ልጆች

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ የሰኔ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመሥሪያ ቤቴን ፒክአፕ ይዤ ከምኖርበት ሰፈር ከሴንት ጄምስ ታውን ተነሣሁ። የምሄደው ከከተማው በስተ ምሥራቅ ወዳለ የፖም እርሻ ነው። ከሳምንታት በፊት በገዛ እጄ ፀረ ተባይ መድኃኒት ያበላኋቸው ንቦች ልጆቻቸው ምን እንደ ሆኑ ማየት ነበረብኝ።

በአንድ የንብ ምርምር ላብራቶሪ ረዳት ነበርኩ። ቀፎዎቹ ግን የአባባ ተሰማ ናቸው። አባባ ተሰማ ኢቶቢኮ በሚባለው የከተማው ዳርቻ መጋዘን ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። በጸደይ ንቦቻቸው ሲመናመኑባቸው ኮል አደረጉልኝ።

«ሒሩት ልጄ፣ ደጃፋቸው ላይ አንድም የሞተ ንብ አላይም፤ ግን እያለቁብኝ ነው።»

ቀፎዎቹ የተቀመጡበት የፖም እርሻ ባለቤት ዴቭ የሚረጨውን መድኃኒት ጠረጠርኩ። አለቃዬ እንድንሞክረው ፈቀደ፤ ከስድስቱ ቀፎዎች ሦስቱን ለሙከራው አሳልፈው የሰጡት ግን እሳቸው ናቸው።

በመንገድ ላይ

አባባ ተሰማ ወደሚኖሩበት ክሬሰንት ታውን ስደርስ ኮትና ከረባታቸውን አድርገው ከሕንፃው በር ላይ ቆመዋል። ሀይዌይ ላይ ከወጣን በኋላ ፎቆቹ እየራቁ ሄዱ፤ በቀኝ በኩል ከከተማው ግርጌ ያለው ሐይቅ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ነዳጅ ማደያ ቆመን ቡና በወተት ልገዛላቸው ስል፣ «ጥቁር ይሁንልኝ፤ የሰኔ ጾም ነው» አሉ።

«ጥፋቱ የመድኃኒቱ ከሆነ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ዴቭ ቦታውን ለዓመታት በነጻ ሰጥቶኛል። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ቀብር የመጣ ፈረንጅ እሱ ብቻ ነው። ከእሱ ባይሆን ደስ ይለኛል።»

ቀፎዎቹ ዘንድ

የፖሙ አበባ ረግፎ ትንንሽ አረንጓዴ ፍሬ ይዟል። በመጀመሪያው ጉዟችን፣ እንቁላል ያለባቸው የሰፈፍ ቀዳዳዎች የት እንዳሉ በላዩ ባነጠፍኩት ግልጽ ላስቲክ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። ከዚያ ለሦስቱ ቀፎዎች ንጹሕ የስኳር ብጥብጥ፣ ለሦስቱ ደግሞ ዴቭ በሚረጨው መጠን መድኃኒቱ የገባበትን ሰጠን።

ንጹሑን የበሉትን ከፈትኩ። ምልክት ካደረግኩባቸው ቀዳዳዎች ወጣት ንቦች ክዳናቸውን እየቀደዱ ይወጣሉ። አባባ ተሰማ ፈገግ አሉ።

መድኃኒቱን የበላው ቀፎም ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ንቦቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ላስቲኩን ሰፈፉ ላይ ሳነጥፍ ግን አብዛኞቹ ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። እጮቹ ሞተው ሠራተኛ ንቦቹ ጎትተው ጥለዋቸዋል። እንደ ታሸገ ከቀረው አንዱን በመርፌ ከፈትኩት። ውስጡ ያለችው ንብ ክንፏ ጭምድድ ያለ ነበር።

«ይቺ አትበርም?» አሉ።

«አትበርም፣ አባባ። መድኃኒቱ ትልልቆቹን አይገድልም፤ ልጆቹን ነው እንዳያድጉ የሚያደርጋቸው።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አሳዳጊዎቻቸው ናቸዋ አምጥተው ያጎረሷቸው» አሉ ቀስ ብለው።

ከዴቭ ጋር

ዴቭ ከትራክተሩ ወርዶ ወደ እኛ ሲመጣ ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ ልጄ፣ እኔ ልንገረው። ከአንቺ ከሰማው ክስ ይመስለዋል» አሉኝ አባባ ተሰማ። በእንግሊዝኛቸው እያስረዱ ሰፈፉን በእጁ ሰጡት።

ዴቭ አገላብጦ አየው። «የመድኃኒቱ መያዣ ላይ ንብ አይጎዳም ይላል» አለ።

«አትርጭ አልልህም። ለከርሞ አበባው እስኪረግፍ ብቻ ጠብቅልኝ።»

«ያን ያህል ከጠበቅኩ ትሉ ይቀድመኛል። የማልፈጽመውን ቃል አልገባልህም፣ ተሰማ።»

«እንግዲያው ንቦቼን እወስዳለሁ።»

ፀሐይ አዘቅዝቃ ንቦቹ እስኪገቡ ዴቭ አብሮን ቆየ፤ የቀፎዎቹን በር በሣር ደፈነ፤ ስድስቱንም ከእኛ ጋር ተሸክሞ ፒክአፑ ላይ ጫነ፤ ገመዱን ራሱ አሰረ። ሲጨርስ ሁለቱ ተጨባበጡ። እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ ትንሽ ቆሙ።

ወደ ቤት

ቀፎዎቹን የላብራቶሪው መስክ ላይ አውርደን ወደ ክሬሰንት ታውን ስንመለስ፣ «ባልነግርዎት ይሻል ነበር?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ። በጥርጣሬ ብቀር ንቦቼንም ዴቭንም አጣ ነበር።»

ከቤታቸው አድርሻቸው ወደ ሴንት ጄምስ ታውን ተመለስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ሬሳ ካልታየ ጉዳት የለም የሚለውን እኔም በከፊል አምን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ አንድ መድኃኒት «ንቦቹ ምንም አልሆኑም» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ልጆቻቸውን አሳየኝ እላለሁ።