መድኃኒት መድኃኒት የሚለው ውሃ

ሐሙስ፣ ከደሴ ወደ ጨፋ

ከደሴ በማለዳ ሚኒባስ ተነሣሁ። ሥራዬ የመጠጥ ውሃ መመርመር ነው። የዚህ ጉዞዬ ምክንያት ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት መንደር የመጣ አቤቱታ ነበር፤ የቦኗችን ውሃ ሸተተ፣ ሰዉም ትቶት ወደ ወንዝ ወርዷል የሚል። የወንዝ ውሃ ምን እንደሚያመጣ ስለማውቅ አልዘገየሁም።

የጠርሙስ ሣጥኔን ጭኔ ላይ ብይዘውም ረዳቱ «የዕቃ» ብሎ ጨመረብኝ። ባዶ ጠርሙስ ነው ስለው፣ «ስትመለስስ ሞልተህ አይደል?» አለኝ። ከፈልኩ።

ሐርቡን ስናልፍ ሙቀቱ መጣና ሹራቤን አወለቅሁ። ከሚሴ ወርጄ ፉል በላሁ። ዘመኑ ባጃጅ ከተማዋን ገና ማጥለቅለቅ የጀመረበት ነበር፤ አንዷን ተከራይቼ በአስፋልቱ ቁልቁል ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ማሽላው ሰው ይውጣል፤ ከውስጡ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ድምፅ ይሰማል እንጂ ማንም አይታይም።

የግንቡ ማጠራቀሚያ ከመንደሩ በላይ፣ ከምንጩ በታች ተሠርቷል። አጠገቡ የውሃው ጠባቂ ጋሽ ታደሰ ቆመው ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣

«የታንከሩንም የቦኖውንም ቁልፍ ወስደውብኛል» አሉኝ። «ነገ ከጁምዓ በኋላ ሰው ይሰበሰባል። ሴቶቹን የሚያመክን መድኃኒት ጨመረ ነው የሚሉኝ። እዚህ ወልጄ፣ እዚህ ከብጄ!»

ቁልፉን ይዘው የመጡት የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሼህ ሙሄ ናቸው። «አካም ጂርታ፣ ነጋያ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ጨበጡኝ። «እኔ አልፈረድኩም ልጄ። አሽትትና አንተ ፍረድ።»

ክዳኑን ከፈትን። የመጥፎ ሽታ ዓይነቱ ብዙ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚል አለ፤ አልጌ ሲበዛ ጭቃ ጭቃ የሚል አለ፤ አንዳንዴም አይጥ ገብቶ ሞቶ ይገኛል። ይሄ ግን ከሆስፒታል ኮሪደር የሚመጣው ዓይነት ነው። ከምንጩ በጠርሙስ ቀዳሁ፤ አይሸትም። ክሎሪን ጠብ አደረግሁበት፤ ክሎሪን ብቻ ሸተተ። እንግዲህ ነገሩ ማጠራቀሚያው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ጋሽ ታደሰን የባሰ አስጨነቃቸው፤ ቁልፉ የነበረው በእሳቸው እጅ ነውና። «ሰው ሲያማርር ከወትሮው ክሎሪን ላይ ጨመርኩበት፤ ሽታው ባሰ» አሉኝ።

«ከዚያ ሌላስ ምን ገባበት?»

«ወላሂ ምንም!» አሉ ሼህ ሙሄ። «እንዲያውም በቅርቡ ሴቶቹ ጥርግ አድርገው አጥበውታል።»

ጠርሙሶቼን ደሴ ወስጄ ባስመረምር ውጤቱ ከስብሰባው በኋላ ነው የሚደርሰው። ጋሽ ታደሰን ምን ብዬ ትቼያቸው እንደምሄድ ጨነቀኝ።

ከሰዓት በኋላ

ምሳ የጋበዙኝ አዴ ፋጡማ ናቸው፤ አጣቢዎቹን ሴቶች ያስተባበሩ ባልቴት። ውሃ ሲሰጡኝ አመነታሁ።

«የወንዝ ነው፣ ግን አፍልቼዋለሁ» አሉ። «እንስራውም ታጥቧል፣ አትፍራ።»

ወደ አፌ ሳስጠጋው የወይራ ጭስ ሸተተኝ። «አጥነውታል?»

«ሳይታጠን ታጠበ ይባላል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። «ታንከሩንስ?»

«እሱንማ እንደ ዕቃችን ነው ያጠብነው። ገል ላይ ፍም አድርገን፣ ወይራ ጨምረን፣ በገመድ አወረድነው። ክዳኑን ዘግተን ውሎ ታጠነ። ምን ይሸታል መሰለህ፣ ሲያውድ!»

ማንም አልዋሸኝም። ምን ገባበት ስላቸው ምንም ያሉኝ፣ ማጠን እዚህ መጨመር ስላልሆነ ነው፤ የማጠብ መጨረሻው ነው። ግንቡ ላይ የቀረው የጭስ ጥላሸት ግን ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ያንን የሆስፒታል ሽታ ያወጣል፤ ትንሹ ይበቃዋል። ለየብቻቸው ሁለቱም ደግ ናቸው፤ ተገናኙና ተጣሉ።

ይህንን ሳስረዳቸው አዴ ፋጡማ ሳቃቸው ጠፋ። «ያ ሰውዬ በኔ ጭስ ነው የሚከሰሰው?» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር፤ እኔም ስማቸውን አላነሣም አልኳቸው። ሳይመሽ ማጠራቀሚያውን አፍስሰን፣ ግድግዳውን በአሸዋና በብሩሽ ፈግፍገን፣ እንደገና እንዲሞላ ተውነው።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ሰዉ ቦኖው አጠገብ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ስለ ጭሱና ስለ ክሎሪኑ አስረዳሁ። በትሕትና ሰሙኝ፤ አላመኑኝም። ከኋላ አንዱ «ወይራ መቼ ሰው ጎድቶ ያውቃል?» አለ፤ ብዙዎች ሳቁ። እኔ በእውነት ተናደድኩ።

ያኔ አዴ ፋጡማ ተነሡ። «ያጠንኩት እኔ ነኝ። ታደሰ ያስገባው ነገር የለም። ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ፤ አንተም ታደሰ፣ አውፍ በለኝ።»

ሳቁ ቆመ። ሼህ ሙሄ ቁልፉን ለጋሽ ታደሰ ዘረጉላቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሡም።

«ታንከሩስ ታጠበ» አሉ። «ስሜስ በምን ይታጠባል?»

አዴ ፋጡማ ቁልፉን ከሼሁ ተቀብለው በጋሽ ታደሰ መዳፍ ላይ አኖሩት። «ክፈተው፤ በገዛ እጅህም ቅዳልኝ» አሉ። ጋሽ ታደሰ ቦኖውን ከፈቱ፤ በራሳቸው ጣሳ ቀድተው ሰጧቸው። አሮጊቷ ሳይቸኩሉ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጥተው አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ቢሻን ኬኛ» አሉ፤ የኛው ውሃ ማለት ነው።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ጀሪካን ይዛ መጣች፤ ከዚያም ሌላ።

ደሴ

በማግስቱ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ምክንያቱን አገኘኸው ወይ አለችኝ። አዎ፣ ጭስ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ የትም ብሄድ ምን ጨመራችሁ ብዬ አልጀምርም፤ እናንተ ዘንድ ታጠበ የሚባለው ምን ሲደረግ ነው እላለሁ።

የውሃው ሽታ ጠፍቷል። በጋሽ ታደሰ ላይ የተነሣው ሐሜት አብሮት ይጥፋ አይጥፋ አላውቅም፤ እሱን የሚለካ ዕቃ የለኝም። የማውቀው፣ ሰው ሁሉ እያየ አዴ ፋጡማ ከእጃቸው ተቀብለው ጨርሰው መጠጣታቸውን ነው።