በኪራይ ጋዜጣ አንባቢ የሆንኩ ዕለት

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። አንድ ቀን ፒያሳ ስዞር እግሬ አብጦ የዝሆን አከለና ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ።

«ጋሼ፣ ይህ መቀመጫ ጋዜጣ ለሚከራይ አንባቢ ነው» አለኝ እዚያው ጋዜጣ የሚያከራየው ሰው።

ምን ላድርግ? ተከራየሁና እንደ ሚኒስትር ግንባሬን ቋጥሬ አገላብጥ ጀመር።

ታዲያ ጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ከኮታቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ቢጫ የሆነ የድሮ ጋዜጣ አወጡ። «ልጄ፣ ዓይኔ ከዳኝ። እባክህ አንድ ጊዜ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ መስማት ናፈቀኝ።»

አላውቅም እንዳልል፣ አንባቢ ተብዬ ነው የተቀመጥኩት! ጉሮሮዬን ጠራረግሁና አንበለበልኩት፦ «ዘንድሮ ዝናቡ በሰዓቱ ገባ። ጤፍ ረከሰ። የዘመተው ልጅ ሁሉ በሰላም ወደ እናቱ ተመለሰ።»

የሽማግሌው እንባ ዱብ ዱብ አለ። ደንግጬ አቆምኩ።

«ምነው አባባ፣ አስቀየምኩዎት?»

«የለም። ይህን ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ሳለሁ የእርሳስ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ የደረደርኩት እኔ ነኝ። እስከ አራት ነጥቡ በቃሌ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ዜና ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም ቀን ደርሶኝ አያውቅም» አሉና እንባቸውን ጠረጉ። «በል ልጄ፣ ሁለተኛውን ገጽ ግለጥ።»