ተራ የሚያስዘልል ወረቀት

በነርሲንግ ተመርቃ ድንገተኛ ክፍል ስትመደብ ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጥታ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ዐይኗ እስኪቀላ ያጠናችው ትንፋሽ ላጠረው ኦክስጅን ልትሰካ፣ ደም ለሚፈሰው ልትደርስ ነው። የደረሳት ግን በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ጠረጴዛ ናት። እዚያ ተቀምጣ የገባውን ሰው ሁሉ የደም ግፊቱን፣ ትኩሳቱንና የልብ ምቱን ትለካና ክንዱ ላይ ባለቀለም ወረቀት ታስራለች። ቀይ የታሰረለት ወዲያው ይገባል፣ ቢጫው ትንሽ ይቆያል፣ አረንጓዴው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። አረንጓዴ የታሰረለት ሰው ደግሞ መቆጣቱ አይቀርም። በቀን ስንቴ እንደምትሰደብ መቁጠር ያቆመችው ገና በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ስድቡንስ ቻለችው። ያልቻለችው አባቷን ነው።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ሱሪ ያሳጥራል፣ አፉ ስለ ልጁ ያወራል። «የእኔ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ናት፤ ያለ እሷ በሩ አይከፈትም» ይላል ደረቱን ነፍቶ። በዚህ ቢበቃው ማን ይከፋዋል? እሱ ግን አመመኝ ያለ ደንበኛ ባገኘ ቁጥር የሱሪ ልክ የሚጽፍባትን ብጣሽ ወረቀት ገልብጦ «ልጄ፣ ይህን ሰው ቶሎ አሳዪልኝ፤ የራሳችን ሰው ነው» ብሎ ይልካል። ባንድ በኩል የወገብ ልክ፣ በሌላው በኩል አደራ። ጉንፋን የያዛት የዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ መጣች፤ የእግሩ ጥፍር የመረቀዘበት ሹፌር መጣ፤ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ጡረተኛ አስተማሪ መጡ። ሁሉም ወረቀቷን እንደ ፓስፖርት ዘርግተው ፊቷ ይገተራሉ፤ ከኋላቸው ያለው ሰው ያጉረመርማል። ባልደረቦቿ «ሰፈርተኛዋ» የሚል ስም አወጡላት። ጨጓራዋ ተላጠ።

ነገሩ በቅጽል ስም ቢያልቅ ጥሩ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሠላሳ ዓመት እዚያው ያገለገሉ ሲስተር ናቸው፤ ድምፃቸው ሦስት ክፍል አልፎ ስለሚሰማ በሌሉበት «ፊሽካ» ይባላሉ። አንድ ቀን ጠሯት።

«የሦስት ወር ሙከራሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ከአሥር ቀን በኋላ ነው፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው በወረቀት ተራ ዘልሎ ሲገባ ካየሁ፣ ፋይልሽ ላይ ‹ለድንገተኛ አትሆንም› ብዬ ጽፌ ካርድ ክፍል ነው የምልክሽ። እዚያ ከሰፈርሽ ሰው ጋር እንደልብሽ ታወሪያለሽ።»

«አንድም ሰው አስዘልዬ አላውቅም» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዋጠችው። የዳቦ ቤቷን ልጅ አንዴ አስገብታት ነበር።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ አባቷ ሱቅ ሄደች።

«አባዬ፣ ሁለተኛ ሰው እንዳትልክብኝ።»

«ምን አጠፋሁ? ሰው መርዳት ነውር ሆነ እንዴ?»

«አንተ ሰው ስትረዳ እኔ ልባረር ነው። ከእንግዲህ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ለሁሉም ንገራቸው።»

አባቷ መቀሱን አስቀመጠ። «እሺ፣ በቃ» አለ ቅር እያለው። ከዚያም ነገሩን ለማብረድ ያህል፣ «ለመሆኑ ቶሎ የሚገባው ምን ዓይነቱ ነው?» ሲል ጠየቃት። እሷም እንደተናደደች ዘረዘረችለት፤ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋውና ወደ ክንዱ የሚሄድበት፣ ሳይሞቀው ላብ የሚያጠምቀው። አባቷ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

ስምንት ቀን ማንም አልመጣም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከሚሠራ ሕንፃ ላይ የወደቁ ሦስት ሰዎች ባንዴ ገቡና ክፍሉ ተተራመሰ። እሷ በሩ ላይ ብቻዋን ቀረች፤ ወረፋው ደጅ ደርሷል፣ የሚጮኸው ይጮሃል። በዚህ መሃል የአባቷ ጎረቤት ጫማ ሰፊው እጃቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ፊቷ ቆሙ። ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» እያለች የምትጠራቸው ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ግን ያየችው ሰውየውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ደሟ ፈላ።

«ዛሬም?» አለች፤ ወረቀቱን ሳትገልጠው ኪሷ ከተተችው። «እዚያ ይቀመጡ፤ ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ።»

ግፊታቸውን አልለካችም፣ የልብ ምታቸውን አልቆጠረችም። አረንጓዴ አሰረችላቸው። እሳቸውም ሰው ማስቸገር የማይወዱ ናቸውና «እሺ ልጄ» ብለው ቀስ እያሉ ሄደው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደቆዩ ፊሽካ በዚያ ሲያልፉ ድንገት ቆሙ፤ የሰውየውን ግንባር በእጃቸው ነኩ። «አልጋ አምጡ!» ሲሉ ሕንፃው ሙሉ ሰማ። ጫማ ሰፊው ተገፍተው ገቡ፤ ደረታቸው ላይ የልብ መመርመሪያው የኢሲጂ ገመዶች ተለጣጠፉ፤ ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ልባቸው ነው።

እሷ እጇን ኪሷ ከተተችና ወረቀቱን አወጣች። አባቷ በዚህኛው የሱሪ ልክ አልጻፈበትም፤ ንጹሕ ወረቀት ነው። «ልጄ፣ ይህ እንደ በፊቱ አይደለም። ደረቴን ጨነቀኝ፣ መንጋጋዬን አመመኝ ይላል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። የነገርሽኝ ትዝ ብሎኝ ፈራሁ።» በአባቷ ተናደደች፣ በወረፋው ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ በራሷ።

ሰውየው ከሁለት ሰዓት በኋላ ትንሽ ተረጋጉ። ፊሽካ መዝገቡን ይዘው መጡ። ከጫማ ሰፊው ስም ፊት የልኬቱ ቦታ ባዶ ነው። ያን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ እሷና ሌላ ነርስ ተቀያይረዋል፤ ዝም ብትል ማንም ላያውቅ ይችላል።

«ማነው ሳይለካ ያስቀመጣቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ወረቀት ይዘው መጡ። ተናደድኩ።»

ፊሽካ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተራ አታስዘልዪ አልኩሽ እንጂ ሰው አትለኪ አላልኩሽም። ሦስት ወሩ ከዛሬ እንደገና ይጀምራል። አሁን ሂጂና የቀሩትን ለኪ።»

ከሰዓት በኋላ አባቷ ሱቁን ዘግቶ ከጫማ ሰፊው ሚስት ጋር መጣ። ሰውየው መትረፋቸውን ሰምቶ ፊቱ በርቷል። «የእኔ ልጅ ናት ያተረፈችው!» አለ አግዳሚው ላይ ላለው ሁሉ። «ወረቀቴን እንዳየች ነው ያስገባችው።» ሚስትየዋም ሁለት እጇን ይዘው ይመርቋት ጀመር። በዚያ በር ላይ ከተቀመጠች ወዲህ ሲያመሰግኗት የመጀመሪያው ነው፤ ዝም ብላ ብትቀበለው ምን ነበረበት?

«አባዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለች። «ወረቀትህን ሳላነብ አርባ ደቂቃ አስቀመጥኳቸው። ያተረፏቸው ሲስተሯ ናቸው።»

ሚስትየዋ እጇን ለቀቁ።

«አሁንስ ልየው?» አሉ ሚስትየዋ።

አስታማሚ የሚገባው አንድ ባንድ፣ በተራ ነው። ቀድመው የመጡ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ሁለቱም እሷን ያያሉ። በዚያች ደቂቃ እኚህን ሴት ለማስገባት የማትሰጠው ነገር አልነበረም።

«ከፊትዎ ሁለት ሰው አለ፣ እትዬ» አለች።

ሴትየዋ ሄደው ባላቸው የነበሩበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አባቷም ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ወደ ልጁ ግን አልተመለከተም።