የጋሼ አለነ የጡት ልጅ

ልጄ ባለፈው ሳምንት ሥራ ተቀጠረችና የሕክምና መድን ቅጿን ይዛ መጣች። «እማ፣ እዚህ ላይ ‹ቤተሰብ› የሚለው እነማንን ነው?» አለችኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ይህንኑ ለሰው የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ለዚያውም ሳላውቀው።

ያኔ ደብረ ማርቆስ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የሙከራ ጊዜዬን እንኳ ያልጨረስኩ። መመሪያውን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጄዋለሁ። መድኑ የሚያሳክመው ሠራተኛውን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ የወለደውን ወይም ፍርድ ቤት ያጸደቀለትን የጉዲፈቻ ልጅ ነው። ምዝገባው በዓመት አንዴ፣ ሰኔ ሳያልቅ ነው። በዚያ ዓመት የመጨረሻው ቀን አርብ ዋለ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ዘበኛችን ጋሼ አለነ መጡ። የዲማ ሰው ናቸው፤ ልጅ እንዳልወለዱ ሁላችንም እናውቃለን። «ልጄን ጥሁንን መዝግቢልኝ» አሉኝ። የሟች ጎረቤታቸው ልጅ ናት። አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው፣ በሽማግሌ ፊት አጥብተው የጡት ልጅ አድርገዋታል። አንገቷ ላይ የወጣው እንቅርት ትንፋሽ እየከለከላት ነው፤ ሐኪም ቀዶ ሕክምና አዟል፤ በዘበኛ ደመወዝ የሚሞከር አይደለም።

«የፍርድ ቤት ወረቀት ያምጡ» አልኳቸው፤ አፌን ቁርጥ ያርገውና።

ሐሙስ ረፋድ በዚያ ጭቃ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ቢሮዬ ችሎት መስሏቸው ኖሮ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ቆሙ። ትልቁ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው «ማሩን ስትጠባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብዋሽ ዘሬ አይባረክ» ብለው ማሉልኝ። ለእኔ፣ ለትናንት ቅጥር። አፈርኩ። አለቃዬን አስፈቅጄ ፍርድ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ዳኛው ቃላቸውን ሰምተው ውሳኔውን ለሰኞ ቀጠሩ።

ሰኞ ደግሞ ምዝገባው ተዘግቷል። ምን ላድርግ? አርብ ዕለት «ጥሁን አለነ፣ ልጅ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት። አለቃዬ አይተው «ሰኞ ወረቀቱ ካልመጣ አንቺም ሥራ የለሽም» አሉኝ። ቅዳሜና እሑድ እህል አልወርድ ብሎኝ ዋለ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሼ አለነ ማኅተም ያለበትን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ።

ጥሁን ድና አደገች፤ ዛሬ አምበር ላይ መምህርት ናት። ጋሼ አለነ ዓምና ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ስትወድቅ ስትነሣ አየኋት። ከወለዱት መካከል እንዲያ የሚለቀስለት ስንቱ ነው?

ልጄ ብዕሯን ይዛ መልሴን ትጠብቃለች። ሕጉን አንድ በአንድ ነገርኳት። ከዚያ «ብዕርሽን አስቀምጪ» አልኳትና የጋሼ አለነን ነገር ከማሩ ጀመርኩላት።