ለእንግዶች ማደሪያ የመረጥኩት አሸዋ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የሚሌኒየሙ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ አርባ ምንጭ ነው። ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ የማወራው ግን ሁልጊዜ እኔ ጀግና ሆኜ የምወጣበትን ግማሹን ብቻ ነው። ዛሬ የቀረውን ግማሽ ልጻፈው።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። የተማርኩት የውኃ ምህንድስና ነው፤ ይህን ያዙልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ሥራ እስካገኝ ብዬ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። አምስት ዓመት ከምናምን ጋሞ ምድር ላይ ስኖር ከቋንቋው የማውቀው "ሳሮ" የሚለውን ሰላምታ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያስፈልገኛል ብዬ አስቤም አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጁስ ቤት በር ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ትልቅ ነጭ መኪና ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ለመግባት ሲታገል አየሁ። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ ጎማ የተገጠመለት ቤት በሉት። የሆቴሉ በር ላይኛው ብረት ዝቅ ያለ ስለሆነ ጣሪያውን አላሳልፍ አለው። ተሳፋሪዎቹ ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም አምስት ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ናቸው። በሱዳን ገብተው በኮንሶ አድርገው ወደ ኬንያ ይወርዳሉ። አልጋ አይፈልጉም፤ አልጋቸውን ተሸክመውት ነው የሚዞሩት። የቸገራቸው መኪናዋን አቁመው የሚያድሩበት ጸጥ ያለ ደልዳላ ቦታ ነው።

እንግሊዝኛዬን ላሳይ ተነሣሁ። ነዳጅ ማደያው ጓሮ አልን፤ የጭነት መኪና ሞልቶታል፣ ሰዉም በመስኮታቸው ተንጠላጠለ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልን፤ ጥበቃው ፈቃደኛ ነበሩ፣ በሩ ግን አሁንም ጠበበ። አባያ ዳር አልን፤ መንገዱ ለእግረኛ እንጂ ለእንዲህ ያለ መኪና አይሆንም፣ አዞም አለ። ሰውየው ሲደክመው አየሁና "እኔ የማውቀው ቦታ አለ" አልኩ።

ቦታው ወደ ኮንሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ደረቅ ወንዝ ነው። አሸዋው ሰፊ፣ ዳርና ዳሩ ግራር ነው። ተማሪ እያለሁ ለመስክ ሥራ ሄደን፣ ጎርፍ ሲመጣ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል በቀመር አስልቼ ጥሩ ውጤት ያገኘሁበት ወንዝ ነው። እንዴት አልታየኝም? ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከአናታችን በላይ ያለው ማለቴ ነው፤ ወደ ተራራው ቀና ብዬ አላየሁም።

አስር ሰዓት ገደማ ደረስን። ሰውየው አሸዋው መካከል መኪናዋን አቆመ። ሴትየዋ ወንበር ዘረጋች፤ ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች። "ገነት ነው!" አሉኝ። እኔም የፈጠርኩት ይመስል ተኩራራሁ። ከወዲያ ማዶ ሲግጡ የነበሩ ከብቶች ማንም ሳይነዳቸው እየተጋፉ ከወንዙ ወጡ። ነፋሱም የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ዝናብ በሌለበት ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ ቡልኮ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በዱላ እየተመረኮዙ ከዳሩ ወረዱ። በጋሞኛ ብዙ ተናገሩ። ከሁሉም የገባኝ "ገረሴ" የሚለው የአገር ስም ብቻ ነው። እጃቸውን ወደ ተራራው ዘርግተው ደጋግመው ጠሩት። አገራቸውን እየነገሩኝ መሰለኝ።

"እሺ አባባ፣ የገረሴ ሰው ነዎት፤ ገባኝ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ወዲያው በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው ተመለሱ፤ መኪናዋ ፊት፣ ከጎማው አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ተንበረከኩ። ሣሩን ወደ እኛ ዘርግተው አንገታቸውን ደፉ።

ደነገጥኩ። መሬቱ የእኔ ነው፣ ልቀቁልኝ የሚሉ መሰለኝ። ሴትየዋ "ምን እያሉ ነው?" አለችኝ። አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። "እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው፤ የአገሩ ባህል ነው" አልኳት። ሴትየዋ እንባዋ መጣ። ካሜራዋን አውጥታ ፎቶ አነሳቻቸው። እሳቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ነገ እመለሳለሁ ብዬ ተሰናብቼ መንገድ ወጣሁ። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ወደ ከተማ ሲመለስ አሳፈረኝ። ሹፌሩ ታደለ ይባላል፤ የዚያው አገር ልጅ ነው። ለጨዋታ ያህል እየሳቅሁ፣ አንድ ሽማግሌ ለፈረንጆች ሣር ይዘው መንበርከካቸውን ነገርኩት።

ታደለ አልሳቀም። "ሣሩ እርጥብ ነው?"

"አዎ።"

"ወንድሜ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እኮ አይታለፍም! የወንድምህን ገዳይ እያባረርክ ብትሆን እንኳ ትቆማለህ። ልመና ነው። የት ነው ያሉት?"

"ወንዙ ውስጥ" አልኩት።

መኪናውን ዳር አስይዞ በመስኮት ወደ ተራራው አየ። እኔም ያን ጊዜ ገና አየሁ። ገረሴ የለም፤ ተራራው በጥቁር ደመና ተውጧል። ወዲያው መኪናውን አዞረ። በቀመር ያሰላሁት ሁሉ በዚያች መንገድ ላይ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ፤ ደጋ የዘነበው ቆላ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሳይቀር።

ስንደርስ ሽማግሌው እንደተንበረከኩ ናቸው። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ከእጃቸው አንድ ሰበዝ ሣር መዝዛ ትጫወታለች። ታደለ ከሩቅ በጋሞኛ ጮኸ። እሳቸው ሁለት ቃል መለሱለት።

"ገረሴ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው" አለኝ ታደለ። "ውኃው እየመጣ ነው።"

ባልየው ሞተር ቢያስነሳ የኋላ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ሴትየዋ ልጇን ታቅፋ ወደ ዳር ሮጠች። ታደለ አይሱዙውን ወደ ኋላ አስጠግቶ ገመድ አሰረ። ሽማግሌው የያዙትን ሣር ጎማው ሥር ጎዘጎዙት፣ ቡልኳቸውንም አውልቀው ደረቡበት። እኔና እሳቸው ከኋላ ገፋን። ሦስተኛው ሙከራ ላይ መኪናዋ ወጣች።

ዳር ላይ ቆመን ትንፋሻችን ሳይመለስ ውኃው መጣ። መጀመሪያ ጣት የማያረጥብ፣ አረፋና ደረቅ ቅጠል የያዘ፣ እየተንሸራተተ ነበር። ልጅቷ እያመለከተችው ሳቀች። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ምድሩ አጉረመረመ። ቡናማው ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ ታጥፎ ወጣና ወንበሩን፣ ቡልኮውን፣ አሸዋውን ሁሉ ይዞት ሄደ። ስንት ሜትር ከፍ እንዳለ አልለካሁም።

ሽማግሌውን ለምን አልሸሹም ብለህ ጠይቅልኝ አልኩት ታደለን።

"እንግዶቹ ሳይነሱ እኔ እንዴት እነሳለሁ? ነው የሚሉት።"

ሽማግሌው ከጉልበታቸው ላይ አሸዋውን አራገፉና እኔን እያዩ ደግሞ አንድ ነገር አሉ። ታደለ ተረጎመልኝ፦ "የተማረ ልጅ ትመስላለህ፤ ምንድን ነው የተማርከው?"

"ሒሳብ" አልኩ።

ከሳምንታት በኋላ ሴትየዋ ፎቶውን በኢሜይል ላከችልኝ። ከሥሩ፣ "ደጉ ሽማግሌ የተቀበሉን፣ አንተም ተመልሰህ ያዳንከን ቀን" ብላ ጽፋለች። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኋትም። የተማረ ይግደለኝ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ፎቶ ይመጣብኛል።

በቅርቡ ታደለ ደውሎ ሽማግሌው ማረፋቸውን ነገረኝ። አሁን የመስኖ መሐንዲስ ነኝ፤ ጋሞኛም እንደምንም እሰማለሁ። ለቅሶ ደረስኩ። ልጃቸው አባቴን ከየት ታውቃቸዋለህ ሲለኝ "በመንገድ" አልኩት። አፍራለሁ፤ አሁንም አፍራለሁ። እሳቸው ፊት ሳልናገረው የቀረው አንድ ቃል ነውና እዚህ ልናገረው።

የተማርኩት ውኃ ነው፣ አባባ።